የበረራ አስተናጋጆች አድማ ሲመቱ አየር መንገዱ ምን ያድርግ? ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ እስከ መደበኛው ፕሮግራም

የሥራ ማቆም ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው አብዛኛው አስተዳደር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው አድማ ይመታል?» ብሎ ነው። ለኦፕሬሽኑ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሕግ የሚፈለገው የካቢን ቡድን ተሟልቶለት የሚነሳ ስንት በረራ ይኖረናል? ሁለቱ ቁጥሮች ከሚታሰበው በላይ ይራራቃሉ። ግማሹ ሠራተኛ ሥራ ላይ ቢቆይ እንኳ ግማሹ በረራ ይነሳል ማለት አይደለም። እዚህ የቀረበው አካሄድ የተሠራው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ትንሽም ብትሆን ያለ ጥርጥር የምትፈጸም ፕሮግራም ማውጣት፣ የቀረውን በጊዜ መሰረዝ፣ ድርድሩንም በጎን ሳይቋረጥ ማስኬድ።

1. ደብዳቤውን ከሕግ ክፍል ጋር መስመር በመስመር አንብቡ

መጀመሪያ የሚለዩት አራት ነገሮች ናቸው፦ አድማው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት በየትኛው የሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ፣ ከየትኞቹ ጣቢያዎች የሚነሱ በረራዎችን እንደሚመለከት፣ የትኛውን የሠራተኛ ክፍል እንደሚሸፍን፣ ውጭ አገር የሚገኝ ቡድን አውሮፕላኑን ይዞ ይመለስ አይመለስ ምን እንደተባለ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይታለፋል። ካልተጠየቀ ግን ሰፋፊ አውሮፕላኖች ከነሠራተኞቻቸው በሩቅ ከተማ ቆመው ይቀራሉ።

ከዚያ የአገሩ ሕግ ምን እንደሚፈቅድ ይታያል። በጣሊያን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ከምሽቱም ከ12 እስከ 3 ሰዓት የሚነሱ በረራዎች በአድማ ቀን ጭምር የተጠበቁ ናቸው። በስፔን መንግሥት አነስተኛውን የአገልግሎት መጠን ይወስናል። በፈረንሳይ ከ2012 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እያንዳንዱ አድማ የሚመታ ሠራተኛ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ስላለበት ፕሮግራም አውጪው በግምት አይሠራም። በአሜሪካ በባቡርና በአየር መንገድ ሠራተኞች ሕግ መሠረት የፌዴራሉ አሸማጋይ አካል ሳይለቃቸውና የ30 ቀን የማብረጃ ጊዜ ሳያልፍ አድማ አይጀመርም። በካናዳ አድማው ከመጀመሩ በፊት የ72 ሰዓት ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት፤ ከሰኔ 2025 ወዲህ ደግሞ በፌዴራል ሕግ ሥር ባሉ መሥሪያ ቤቶች አድማ የመታን ሠራተኛ በምትክ መሸፈን ተከልክሏል። ስለዚህ ምትክ ለማሠልጠን ከማሰባችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ፍርድ ቤት ሄዶ ማሳገድም ያለ ነገር ነው፤ መፍትሔ አድርጎ መቁጠር ግን ያሳስታል። በታኅሣሥ 2009 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ለገና የተጠራውን የ12 ቀን አድማ ሥራ ለለቀቁ ሰዎች ጭምር ድምፅ መስጫ ተልኮ ነበር በሚል አሳግዶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን አስተናጋጆቹ በድምሩ 22 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ጉዳቱም ወደ 150 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። እገዳው ጊዜ ገዝቶላቸዋል፤ ቅሬታው ግን እዚያው ነበር።

2. የሚነሳውን በረራ አስሉ

በአሜሪካም በአውሮፓም የቁጥሩ መነሻ ለ50 መቀመጫ አንድ አስተናጋጅ ነው። 150 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን 3፣ 180ም 189ም መቀመጫ ያለው 4፣ 220 ያለው 5 ይፈልጋል። በአውሮፓው ደንብ ቁጥሩ የሚወሰደው በተገጠመው መቀመጫ ልክ ነው፤ የተሳፋሪው ማነስ አይቀንሰውም። «ሰው አጠረን፤ የኋላውን ረድፍ ሳንሸጥ በ3 እንብረር» የሚል ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ኢዚጄት በ2022 ክረምት አስተናጋጅ ሲያጥረው ከኤርባስ ኤ319 የኋላውን ረድፍ 6 መቀመጫ ነቅሎ አውጥቶ ወደ 150 ያወረደው ለዚሁ ነው። መቀመጫ መንቀል ደግሞ የጥገና ሥራ፣ የክብደት ስሌትና የሰነድ ለውጥ ስላለው በአድማ ዋዜማ የሚታሰብ አይደለም። መቀመጫው ያነሰ አውሮፕላን መመደብ ይቀላል።

አሁን ሰውን ቁጠሩ። ለምሳሌ አንድ ጣቢያ 600 አስተናጋጅ አለው እንበል። ዕረፍት፣ ፈቃድ፣ ሥልጠናና ሕመም ላይ ያሉት 270 ቢሆኑ ለዚያ ቀን የሚቀሩት 330 ናቸው። ከእነዚህ 75 በመቶው አድማ ቢመታ ወደ 82 ሰው ይቀራል። በ4 ሲካፈል 20 ቡድን ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ በቀን አራት በረራ ቢሠራ 80 በረራ ነው ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

ይህ ሪፖርት ስህተት ነው። ከአንድ በላይ አስተናጋጅ ያለበት በረራ ሁሉ ዋና አስተናጋጅ ይፈልጋል። በአውሮፓ ደንብ ዋና የሚሆነው ቢያንስ አንድ ዓመት የሠራና የኃላፊነቱን ሥልጠና የጨረሰ ሰው ነው። ነባሮቹ ደግሞ በማኅበሩ ውስጥ ጠንካሮቹ ስለሚሆኑ አድማው ላይም ቀድመው ይገኛሉ። ከ82ቱ ውስጥ ዋና መሆን የሚችሉት 12 ብቻ ከሆኑ ቡድኑ 12 እንጂ 20 አይደለም። ሁለቱን ለተጠባባቂነት ስታወጡ 10 ቡድን፣ ማለትም 40 በረራ ይቀራል። ከ80 ወደ 40! በአብዛኛው የአድማ ዕቅድ ማነቆው የሰው ብዛት ሳይሆን የዋና አስተናጋጅ ቁጥር ነው፤ ስሌቱን ከዚያ ጀምሩ።

የቀሩትን ሦስት ማጣሪያዎች በቶሎ አልፉባቸው፤ ግን አትዝለሏቸው። የዓመታዊ ድጋሚ ሥልጠናቸው ጊዜ ያላለፈ መሆኑን፣ የሚመደቡበትን የአውሮፕላን ዓይነት ፈቃድ መያዛቸውን፣ የሥራ ሰዓት ጣሪያ አለመሙላታቸውን አረጋግጡ። በአውሮፓ ጣሪያው በ7 ተከታታይ ቀን 60 ሰዓት፣ በ14 ቀን 110፣ በ28 ቀን 190 ነው። ጥቂት ሰዎች በየቀኑ ሲሠሩ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደኅና ይሄዱና በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ሁሉም አንድ ላይ ጣሪያው ላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ አድማው ያበቃል ከተባለበት ቀን ሁለት ቀን አልፎ የሚሄድ ምድብ ሥሩ።

3. ተጨማሪ ሰውና አውሮፕላን ፈልጉ

ሕጉ ከፈቀደ የመጀመሪያው ምንጭ ከዚህ ቀደም አስተናጋጅ የነበሩ አሠልጣኞችና የቢሮ ኃላፊዎች ናቸው። የሚጠቅሙት ግን ፈቃዳቸው በሥራ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። በአውሮፓ ባለፉት 6 ወራት ያልበረረ አስተናጋጅ የማደሻ ሥልጠና ሳይወስድ አይመደብም፤ የጤና ምርመራውም ቢበዛ በየ60 ወሩ ይታደሳል። እነዚህን ሰዎች ጸጥ ባለው ጊዜ በየጥቂት ወሩ አንድ በረራ እያስበረሩ ማቆየት ርካሽ ነው። ማስጠንቀቂያው ከመጣ በኋላ የማሠልጠኛውን የበርና የእሳት መለማመጃ ወረፋ መፈለግ ግን አይሳካም፤ አሠልጣኞቹ ራሳቸው የማኅበሩ አባላት ሊሆኑ ይችላሉና። ከዜሮ ሰው ማሠልጠን ሳምንታት የሚወስድ ስለሆነ ለ48 ሰዓት አድማ ትርጉም የለውም። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2010 ከሌሎች ክፍሎች በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥኖ ማብረር የቻለው ግጭቱ ወራት ስለፈጀ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ዌት ሊዝ ነው። አውሮፕላኑ ከአብራሪው፣ ከአስተናጋጁ፣ ከጥገናውና ከኢንሹራንሱ ጋር በብሎክ ሰዓት (ከመነሻው ቆሞበት ከተንቀሳቀሰ መድረሻው ላይ እስኪቆም ባለው ሰዓት) ሒሳብ ይከራያል። ነዳጅ፣ የማረፊያ ክፍያና የመሬት አገልግሎት በተከራዩ ይሸፈናል። ልብ በሉ፦ ዳምፕ ሊዝ የሚባለው አብራሪ ይዞ አስተናጋጅ የማያካትተው ውል ለዚህ አድማ ምንም አይረዳም። በጥድፊያ ላይ ደላላ የሚያመጣውን ወረቀት በዚህ ዓይን እዩት። ውሉ ላይ ሌላም የሚያስከፍል ነገር አለ፤ አነስተኛ የዋስትና ሰዓት ይጻፋል፣ አድማው ቢቀር እንኳ ያ ይከፈላል። የመሰረዣ ቀነ ገደቡን ከአድማው መነሻ ጋር አጣጥሙት።

ኪራዩ የአገራችሁን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል። አከራዩ የውጭ ከሆነ የሚያርፍባቸው አገሮች የበረራ ፈቃድም ይጨመራል። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2017 ከኳታር ኤርዌይስ 9 የኤርባስ አውሮፕላኖችን ከነሠራተኞቻቸው ሲከራይ የብሪታንያ ባለሥልጣን ፈቃድ መስጠት ነበረበት። የፈቃድ ማመልከቻውን ከአንድ ዓመት በፊት፣ ከሁለት ወይም ሦስት አከራዮች ጋር በማዕቀፍ ውል አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ከሁሉም የተሻለ ነው።

4. የትኛው በረራ ይነሳ?

አርባ በረራ አለን ተባለ። የገቢ ክፍል ከፍተኛ ትርፍ ያለውን መስመር ይጠቁማል፤ እሱን ብቻ መከተል ግን ስህተት ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ተሳፋሪው ሌላ መጓጓዣ ለሌለው መስመር ነው። ደሴት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚበረርበት ከተማ፣ ሌላ አየር መንገድ የማይሄድበት ቦታ። በቀን አሥራ ሁለት በረራ ያለው የከተማ ለከተማ መስመር ወደ አራት ወርዶ መቀመጫው ቢሞላ ተሳፋሪው ሰዓቱ ይቀየርበታል እንጂ አይቀርም። በረጃጅም መስመሮች ደግሞ አንድ በረራ ብዙ አስተናጋጅ ይወስዳል፤ ቡድኑ ውጭ አድሮ ስለሚመለስም ለቀናት ከእጃችሁ ይወጣል። በአንጻሩ አጭር መስመር ላይ በዚያው ቀን ጣቢያው ስለሚመለስ ማግስቱን እንደገና መወሰን ይቻላል።

አውሮፕላኑ አርፎ እንደገና እስኪነሳ ያለውን የመመለሻ ጊዜ አርዝሙት። በመደበኛ ቀን 45 ደቂቃ የምትቆዩ ከሆነ 60 አድርጉት። ያለ ተጠባባቂ ቡድን የሚሠራ ጥብቅ ምድብ በአንድ መዘግየት ይፈርሳል፤ አንዱ ቡድን የሥራ ሰዓቱ ሲያልቅ የምሽቱ መመለሻ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ውጭ ያድራል።

ሳይታሰብ የሚቀር ገቢ ደግሞ አለ። ተሳፋሪ የማይጭን በረራ አስተናጋጅ አያስፈልገውም። ስለዚህ አውሮፕላን ከቦታ ቦታ ማዛወርም ሆነ በሆዱ (ከተሳፋሪው ወለል በታች ባለው የጭነት ክፍል) ዕቃ ብቻ ጭኖ መብረር በአብራሪዎች ብቻ ይቻላል። መድኃኒትና ቶሎ የሚበላሽ ጭነት ያላቸው ደንበኞች በአድማ ቀን ለሆድ ቦታ በደስታ ይከፍላሉ። የአብራሪዎች ማኅበር ይህን እንዴት እንደሚያየው ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የስሎት፣ ማለትም በተወሰነ ሰዓት የመነሳትና የማረፍ መብት፣ ጉዳይም አለ። በተጨናነቁ አውሮፕላን ማረፊያዎች የተሰጣችሁን ስሎት ቢያንስ 80 በመቶ ካልተጠቀማችሁ የሚቀጥለው ወቅት መብት ይነካል። የተሰረዘውን እያንዳንዱን በረራ ምክንያቱን አያይዛችሁ ለስሎት አስተባባሪው ወዲያው አስገቡ። ከወቅቱ ማብቂያ በኋላ ማስረጃ መሰብሰብ አድካሚ ነው።

5. ተሳፋሪውን በጊዜ አሳውቁ

ይህ ክፍል ከሌሎቹ የበለጠ ገንዘብ ይበላል፤ ስለዚህ በደንብ እንየው።

ስለ ተሳፋሪ ካሣ የሚደነግገው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 በሚሠራባቸው በረራዎች ላይ «አድማ ነው፤ ከአቅማችን በላይ ነው» የሚለው ክርክር በራስ ሠራተኛ አድማ ላይ አይሠራም። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2018 በቱዪፍላይ፣ በ2021 ደግሞ በዩሮዊንግስ አስተናጋጆች ጉዳይ ካሣ ይከፈል ብሏል። ካሣው እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ነው። 180 ሰው የሞላበት አንድ አጭር በረራ በ250 ሒሳብ 45,000 ዩሮ ያስወጣል፤ ብዙ ጊዜ ይህ በረራው ራሱ ከሚያስገባው ይበልጣል።

ይህን ወጪ የምትቀንሱት በሰዓት ነው። ከ14 ቀን በፊት የተነገረው ተሳፋሪ ካሣ አይጠይቅም። ከ14 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ከተነገረ ካሣ የሚቀረው ምትኩ በረራ ከመደበኛው ከ2 ሰዓት በላይ ቀድሞ ካልተነሳና ከ4 ሰዓት ባነሰ መዘግየት ካደረሰው ነው። ከ7 ቀን በታች ሲሆን ገደቡ ወደ 1 እና 2 ሰዓት ይጠባል። ማስጠንቀቂያው አጭር ሲሆን የምትሠሩት በዚህ በጠባቡ መስኮት ውስጥ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪውን በተቀናቃኝ አየር መንገድ በዚያው ሰዓት ገደማ ማሳፈር ቲኬቱ ውድ ቢሆንም ከካሣው ሊረክስ ይችላል። ለየመስመሩ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩና ለቡኪንግ ክፍሉ የዋጋ ጣሪያ ስጡት። አለዚያ ወኪሉ ፈቃድ ሲጠይቅ መቀመጫው ያልቃል።

ቅደም ተከተሉም እንዲህ ቢሆን ይሠራል። ማስጠንቀቂያው እንደደረሰ በተጠረጠሩት ቀናት የቲኬት ሽያጭ ይዘጋል፤ የተሸጠ መቀመጫ ሁሉ ነገ የሚመለስ ዕዳ ነው። በዚያው ቀን በነጻ ቀን የመቀየር ፈቃድ ይወጣል፤ አድማው ባይደረግም የተቀየረው እንደተቀየረ ይቆያል። ቀጥሎ በመተላለፊያ የሚጓዙ ይስተናገዳሉ። ከዚያ ብቻቸውን የሚጓዙ ልጆች፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚፈልጉና የሕክምና ተጓዦች በስልክ ይደወልላቸዋል፤ እነዚህን በጽሑፍ መልእክት ብቻ ማሳወቅ በቂ አይደለም። የመጨረሻው የበረራ ዝርዝር ከ72 እስከ 48 ሰዓት በፊት ይለጠፋል። ከተለጠፈ በኋላ በረራ መጨመር ይቻላል፤ መቀነስ ግን የማሳወቂያውን እምነት ያጠፋል።

እዚህ ላይ ሁለት የታወቁ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ቪዛ ነው። አውቶማቲክ ሲስተሙ ተሳፋሪውን በሌላ አገር በኩል ሲያዞረው ያ አገር የመተላለፊያ ቪዛ ሊጠይቀው ይችላል፤ ቼክ ኢን ላይ ይመለሳል። የፓስፖርቱ ዜግነት ያልታየበት ማዞሪያ በሰው እጅ ይፈተሽ። ሁለተኛው ሻንጣ ነው። ቀጣይ በረራው ያልተረጋገጠለትን ተሳፋሪ ሻንጣ እስከ መጨረሻው መዳረሻ መለያ አትለጥፉበት። በመሐል ጣቢያ የሚከማቸውን ሻንጣ አግኝቶ ለባለቤቱ ማድረስ ከአድማው በኋላም ሳምንታት ይፈጃል።

6. ዋዜማውና ዕለቱ

አውሮፕላኖቹን የት እንደምታቆሙ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር ተስማሙ፤ ሃቡ (ዋናው ጣቢያ) ላይ ሁሉንም የሚችል ቦታ የለም። ጥቂቶቹን በሌሎች ጣቢያዎች ማስቀመጥ ማግስቱን ከዚያ ለማስነሳት ይረዳል። ለቀናት የሚቆሙት የፒቶ ቱቦ (ፍጥነት የሚለካበት ቱቦ) እና የሞተር ሽፋን ይደረግላቸዋል፤ ሽፋኑ በቴክኒክ መዝገብ ላይ ተጽፎ ሲወጣም ይፈረምበት። በ2018 አንድ ኤርባስ ኤ330 ከብሪዝበን የፒቶ ሽፋኑ ሳይነሳ ተነሥቶ ፍጥነቱን ሳያሳይ መብረሩ የዚህ ዓይነት ቀላል ስህተት ውጤት ነው።

ቼክ ኢን የሚከፈተው ከበረራው ሰዓታት በፊት ነው፤ አስተናጋጁ ሥራ የሚገባው ደግሞ ዘግይቶ። ስለዚህ ሰዉ ሻንጣውን አስረክቦ፣ በር ላይ ተሰልፎ ከቆመ በኋላ ቡድኑ እንዳልመጣ ይታወቃል። የተለመደው መፍትሔ የመግቢያ ሰዓቱን ማስቀደም ነው፤ ነገር ግን የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው ከመግቢያው ጀምሮ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ማስቀደም ከቀኑ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ አራተኛው በረራ ይቀራል። የሚሻለው የሠራተኛ ሰርቪሱን እንደ መቆጣጠሪያ መጠቀም ነው። ሹፌሩ ከቤት ያነሳቸውን ስም ለኦፕሬሽን ማዕከሉ ይልካል፤ አራቱ ካልተሟሉ ተጠባባቂው ወዲያው ይጠራል፤ ቼክ ኢኑም ያኔ ይወሰናል።

የሚሠሩትን ሰዎች ስም አታውጡ። ብዙ የምድብ መተግበሪያዎች አብሮ የሚበረው ማን እንደሆነ ለሁሉም ያሳያሉ፤ ያንን ክፍል ለአድማው ቀናት ዝጉት። ስም ዝርዝር በስልክ ቡድኖች ላይ ከተሠራጨ በማግስቱ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል።

አድማው ሁሌም ሙሉ ቀን ላይሆን ይችላል። በ1993 የአላስካ አየር መንገድ አስተናጋጆች የትኛው በረራ እንደሚመታ ሳይናገሩ ጥቂት በረራዎችን ብቻ እየመረጡ ሥራ ያቆሙ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀድሞ መሰረዝ ተቃራኒ ውጤት አለው፤ ማኅበሩ ሳይመታ አየር መንገዱ ራሱን ይመታል። መልሱ ፕሮግራሙን ሳይነኩ በየጣቢያው ተጠባባቂ ቡድን ማብዛት ነው።

7. ድርድሩን ከኦፕሬሽኑ ለዩ

ተደራዳሪውና የአድማ ዕቅድ አውጪው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ዕቅዱ ማስፈራሪያ ሆኖ ወደ ጠረጴዛው ከመጣ ሁለቱም ይበላሻሉ። የሰው ሀብት ክፍሉ በሁለቱ ወገን መካከል ያለውን የዓመት ልዩነት በገንዘብ ያስላ፤ የፋይናንስ ክፍሉም የአንድ አድማ ቀን ዋጋን ያስላ። የቀረ ገቢ፣ ሲቀነስ ያልወጣ ነዳጅና የማረፊያ ክፍያ፣ ሲደመር ሆቴልና ምግብ፣ ማዞሪያ፣ ካሣ፣ ኪራይ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ቦርዶች አቋማቸውን ይለውጣሉ።

የክርክሩን ዓይነትም ለዩ። በነሐሴ 2025 የኤር ካናዳ አስተናጋጆች ከሚጠይቁት አንዱ በር ከመዘጋቱ በፊት መሬት ላይ ለሚሠሩት ሥራ ክፍያ ነበር። አየር መንገዱ በረራዎቹን ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ቀስ በቀስ አቆመ፤ መንግሥት ወደ ሥራ ተመለሱ የሚል ትእዛዝ አሰጠ፤ ማኅበሩ ግን አልታዘዘም፤ ስምምነት የተደረሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። መንግሥት ያስቆመዋል ብሎ ዕቅድ ማውጣት አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው።

በቅጣት አትመልሱ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2010 አድማ ከመቱት ላይ የሠራተኛ ቲኬት ቅናሽ ሲያነሳ የቲኬቱ ጉዳይ ራሱ አዲስ ጥያቄ ሆኖ ግጭቱን አራዘመ፤ በ2011 ስምምነት ተመለሰላቸው።

8. ወደ መደበኛው መመለስ

አድማው ካበቃ በማግስቱ ሁሉም በረራ ይነሳል ብላችሁ አታስታውቁ። ኤር ካናዳ ከሦስት ቀን ገደማ አድማ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ሊወስድ እንደሚችል ተናግሯል፤ ይህ የተጋነነ አይደለም። መጀመሪያ ውጭ የቆሙ አውሮፕላኖች ይመጣሉ፤ በቆሙበት ጊዜ ቀናቸው የደረሰ የጥገና ፍተሻዎች ይሠራሉ፤ ከዚያ የረጅም መስመር ቡድኖች ሕጋዊ ዕረፍታቸውን አግኝተው ይመደባሉ። የመጀመሪያውን ቀን ፕሮግራም ከመደበኛው ግማሽ አካባቢ አድርጉት፤ ባዶ መቀመጫ ያላቸው በረራዎች ለተጠራቀመው ተሳፋሪ ይጠቅማሉ። ሽያጩንም የተሰረዘባቸው ሰዎች ምደባ እስኪያልቅ አትክፈቱ። አለዚያ አዲስ የገዛው ሰው ሦስት ቀን ከጠበቀው ቀድሞ ይሳፈራል።

አድማ የመቱትና የሠሩት በአንድ ቡድን ሲመደቡ የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። አንድ ካቢን ውስጥ የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች የበር ዝግጁነት በጥሪ ሲያረጋግጡ የሚሆነውን አስቡት። ካፒቴኑና ዋና አስተናጋጁ ከበረራ በፊት ባለው ገለጻ ላይ ይህን በግልጽ ያንሱት፤ ለጥቂት ሳምንታትም የምድብ መቀያየር ጥያቄን ያለ ብዙ ማብራሪያ ፍቀዱ።